እቃ እቃ በስልክ ውስጥ

በካዛንቺስ ግቢዎች ሕፃናት በቆርኪና በቆርቆሮ እቃ እቃ ሲጫወቱ፣ አንዷ እናት ሌላው ባለሱቅ ይሆኑ ነበር። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ግን ብዙ ቤተሰቦች ከቂርቆስ ርቀው ሰፍረዋል። ጓደኞቹ ለተበተኑበት ሕፃን የቀረው የእናቱ ስልክ ነው።

ስለሆነም እናቶች መተግበሪያ ሲመርጡ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያዩት የሚገባው፣ ታሪኩን የሚፈጥረው ሕፃኑ ራሱ መሆኑን ነው። ነጥብ እየቆጠረ የሚያጣድፍ ጨዋታ መቼም እቃ እቃ አይባልም። የስዊድኑ ቶካ ቦካ ያወጣው «ቶካ ቦካ ወርልድ» በዚህ ረገድ ደህና ነው፤ ሕፃኑ ሰው መርጦ ያለብሳል፣ ያበላል፣ ያስተኛል። ሆኖም በነፃ ከተጫነ በኋላ ተጨማሪ ቤቶች በገንዘብ ስለሚሸጡበት ክፍያውን በሚስጥር ቁጥር መቆለፍ ያስፈልጋል። ሌሎቹን ደግሞ ዳታ አጥፍቶ መሞከር ይበጃል፤ ማስታወቂያውን የሚያመጣው ኢንተርኔት ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል። በዚያችም ሰዓት እናት ወይም ታላቅ እኅት አጠገቡ ተቀምጣ «እንግዳው ማነው? ቡናውስ ፈላ?» እያለች ብታጫውተው፣ ስልኩ ሲዘጋ ጨዋታው ምንጣፉ ላይ ይቀጥላል።