ሐሰተኛ ቁጥርና ባዶ ደን፦ የታይገር ጥበቃ ከሳሪስካ የተማረው



የዛሬው ገለጻዬ የዱር ታይገርን ከመጥፋት ስለ መታደግ ነው። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ የስያሜ ነገር ላጥራ። በአማርኛ «ነብር» የምንለው በአገራችን የሚኖረውን፣ ቆዳው በነቁጥ የተሞላውን እንስሳ ነው። ታይገር ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ በዱር የሚኖረው በእስያ ብቻ ሲሆን፣ ቆዳው በጥቁር ሸንተረር የተሰመረ ነው። በትርጉም ጽሑፎች ሁለቱም «ነብር» እየተባሉ ስለሚደባለቁ፣ እኔ «ታይገር» የሚለውን የውሰት ቃል እጠቀማለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ታይገር ሲወራ ዘወትር የሚነሡት ሦስት አደጋዎች ናቸው፦ ሕገወጥ አደን፣ የደን መመናመን፣ የሰውና የአውሬው ግጭት። ሦስቱም እውነተኞች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ከእነዚህ አስቀድሞ ሊመለስ በሚገባው አንድ ጥያቄ ላይ አተኩራለሁ፦ ስንት ታይገር እንደ ቀረ በምን እናውቃለን? ጥያቄው የሒሳብ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ በአግባቡ ባለመመለሱ፣ በሕንድ አገር አንድ ስመ ጥር የታይገር ክልል ማንም ሳያውቅ ባዶውን ቀርቷል።

ሕንድ የታይገር ፕሮጀክትን የጀመረችው በ1973፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ዘመን፣ በ9 ጥብቅ ክልሎች ነበር። ለብዙ ዓመታት ቆጠራው ይካሄድ የነበረው በእግር ዱካ ነው። የጥበቃ ሠራተኞች በየመንገዱና በየወንዙ ዳር ያገኙትን ዱካ በመስታወት ላይ ይነድፉ፣ ከዚያም ወደ ወረቀት ይገለብጡት ነበር። ኃላፊዎቹም ንድፎቹን እያስተያዩ «ይህ የእገሌ ነው፣ ያ የሌላው ነው» በማለት እያንዳንዱን እንስሳ እንለያለን ይሉ ነበር።

የዘዴው ድካም ሁለት ነው። አንደኛው ሳይንሳዊ ነው፦ የአንድ እንስሳ ዱካ በአሸዋ፣ በጭቃና በደረቅ አፈር ላይ ልዩ ልዩ መልክ ይይዛል፤ የአረማመዱ ፍጥነትም ይለውጠዋል። ስለዚህ አንዱን ታይገር ሁለትና ሦስት ጊዜ መቁጠር ቀላል ነው። ዘዴው ምን ያህል እንደሚሳሳት የሚለካበት መንገድም አልነበረውም። ሁለተኛው ድካም አስተዳደራዊ ነው፦ ቆጣሪውም ተጠያቂውም አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። የቁጥር ማደግ የሥራ ውጤት ተደርጎ በሚታይበት ቦታ፣ ማነሱን የሚዘግብ ሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል።

በራጃስታን ግዛት የሚገኘው ሳሪስካ የዚህ ሁሉ ማሳያ ሆነ። በ2004 የነበረው ይፋዊ መዝገብ በክልሉ ከደርዘን በላይ ታይገሮች እንዳሉ ያሳይ ነበር። በ2005 መጀመሪያ ላይ በተደረገው ፍተሻ ግን አንድም አልተገኘም፤ አዳኞች ጨርሰዋቸው ነበር። በወረቀት ላይ የነበሩት ታይገሮች በደኑ ውስጥ የነበሩትን ሞት ሸፍነው ቆዩ። ከ4 ዓመታት በኋላም፣ በ2009፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ያለው የፓና ክልል በተመሳሳይ ሁኔታ ታይገር አልባ መሆኑ ታወቀ።

ቁጥር ቶሎ አለመታረሙ ለምን ይህን ያህል ይጎዳል? መልሱ በእንስሳው ሥነ ሕይወት ውስጥ ነው። እንስት ታይገር በአብዛኛው የምትወልደው ከ3 እስከ 4 ዓመት ሲሞላት ነው። ግልገሎቿ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ 2 ዓመት ገደማ አብረዋት ስለሚቆዩ፣ ያሳደገች እናት በየዓመቱ አትወልድም። አንዲት እናት ስትገደል ያልጠነከሩት ግልገሎቿም አብረው ይጠፋሉ። በ15 እና በ20 እንስሳት ደረጃ ባለ ስብስብ ውስጥ የጥቂት እንስቶች መገደል መላውን ክልል ለማፍረስ ይበቃል። በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣ የተሳሳተ ቆጠራ ይህን ሊደርስበት አይችልም።

ከሳሪስካ በኋላ የሕንድ መንግሥት በሱኒታ ናሬን የሚመራ ግብረ ኃይል አቋቋመ፤ የዱካ ቆጠራውም በናሙናና በካሜራ ላይ በተመሠረተ ዘዴ ተተካ። የካሜራውን መንገድ አስቀድሞ ያሳየው ሕንዳዊው ተመራማሪ ኡላስ ካራንት ነው፤ በናጋራሆሌ ደን በ1990ዎቹ የሠራው ሥራ ዛሬም ይማሩበታል። የታይገር ሸንተረር እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፤ ሁለት ታይገሮች አንድ ዓይነት አይኖራቸውም። የግራና የቀኝ ጎኑም ስለሚለያይ፣ ካሜራዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተከላሉ።

ስሌቱን ለተማሪዎቼ እንዲህ በምሳሌ አስረዳለሁ። በመጀመሪያው ዙር 20 ታይገሮች ፎቶ ተነሡ እንበል። በሁለተኛው ዙር 25 ተነሡ፤ ከእነዚህ ውስጥ 10ሩ ቀድሞ የምናውቃቸው ናቸው። ከ25ቱ የምናውቃቸው ሁለት አምስተኛ ከሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ 20ዎችም የጠቅላላው ሁለት አምስተኛ ናቸው ብለን እንገምታለን። ስለዚህ ጠቅላላው ወደ 50 ነው። ዘዴው ያላየናቸውንም ያስቆጥረናል፤ ከዚያም በላይ የስሕተቱን መጠን አብሮ ይነግረናል። «50 ናቸው» ከማለት «ከዚህ እስከዚህ ይደርሳሉ» ማለት ለጥበቃ ይበልጥ ይጠቅማል።

አዲሱ ዘዴ መጀመሪያ ያመጣው መርዶ ነበር። የ2001 እና የ2002 የዱካ ቆጠራ 3,642 ታይገሮች አሉ ብሎ ነበር፤ የ2006ቱ ግምት ግን 1,411 ሆነ። ዘዴዎቹ ስለሚለያዩ ልዩነቱ ሁሉ በእነዚያ ዓመታት የሞቱ እንስሳት ቁጥር ነው ማለት አይቻልም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ አንድ መንግሥት የሚያሳፍረውን ቁጥር በአደባባይ አወጣ፤ በዚያም መሠረት ሥራ ጀመረ። ከ2008 ጀምሮ ከራንታምቦር የተወሰዱ ታይገሮች በሳሪስካ እንደገና ሰፈሩ፤ ፓናም በዚሁ መንገድ አገገመ። የ2022ቱ አገራዊ ግምት ወደ 3,700 ቀርቧል።

በ2010 የታይገር መኖሪያ የሆኑ 13 አገሮች በሴንት ፒተርስበርግ ተሰብስበው በ2022 የዱር ታይገርን ቁጥር በእጥፍ ለማሳደግ ቃል ገቡ። ውጤቱ እንደየአገሩ ተለያየ። በኔፓል በ2009 የተገመቱት 121 ታይገሮች በ2022 ወደ 355 ከፍ አሉ። በካምቦዲያ ግን የመጨረሻው ታይገር በካሜራ የታየው በ2007 ነው፤ በ2016ም ራሱን ሊተካ የሚችል የታይገር ስብስብ በአገሪቱ እንደሌለ ተገለጸ። እዚያ ሰፊ ደን ቆሞ ነበር። በደኑ ውስጥ ግን ከሽቦ የተሠራ ወጥመድ በብዛት ተዘርግቷል፤ ወጥመዱም ታይገሩንና ምግቡን አይለይም። አንድ ታይገር በዓመት ወደ 50 የሚጠጉ አጋዘንን የሚያህሉ እንስሳት ያስፈልጉታል። አጋዘኑ በሌለበት ደን ዛፉ ብቻውን ታይገር አያኖርም።

የኔፓል ስኬትም የራሱ ዋጋ አለው። ታይገሮቹ ሲበዙ በባርዲያ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ጨምሯል። ከብቱን ወይም ዘመዱን ያጣ ሰው ካሳው ዘግይቶ ሲመጣ፣ ለአዳኝ ዝም የማለት ምክንያት ያገኛል። እንግዲህ ሐቀኛ ቆጠራ የታይገሩን ብቻ ሳይሆን የተጎዳውንም ሰው መዝገብ መያዝ አለበት።

ይህ ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 ያነሰ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚገኘው በባሌ ተራሮች ነው። በ2003 በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ሲነሣ፣ መንጋዎቹን በቅርብ የሚከታተሉ ሠራተኞች የሞቱትን ፈጥነው ስላገኙ፣ ክትባት ወደ ጤነኞቹ መንጋዎች ደርሶ ወረርሽኙ ሳይዛመት ቀረ። በሳሪስካ መዝገቡ ከሞቱ ኋላ ቀረ፤ በባሌ ክትትሉ ሞቱን ቀደመው።

ተማሪዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ነገ በየፓርኩ ትሠራላችሁ። የቆጠራ ቅጽ ስትሞሉ አለቃችሁ የሚወደውን ቁጥር ታውቁ ይሆናል። ባዶውን «ባዶ» ብሎ መጻፍ ያን ጊዜ ከባድ ይሆናል። ነገር ግን የሳሪስካን ታይገሮች ሊያድን ይችል የነበረው፣ ከመጥፋታቸው ጥቂት ዓመታት በፊት እውነቱን የጻፈ አንድ ቅጽ ነበር።