መኪና ዳገት ላይ ሲጮኽ ምን እያለ ነው?

ሜዳ ላይ ደህና ሲሄድ የቆየ መኪና ዳገት ሲጀምር ብቻ እንግዳ ድምፅ የሚያሰማበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ድምፁ ከየት እንደሚመጣና የቱ አደገኛ እንደሆነ እናያለን። ከእናንተ መካከል መካኒክነት ለመማር የሚያስቡ አሉ፤ በአገር ቤት ሾፌርና ረዳት የነበሩ አባቶችም አሉ። የቀራችሁትም በጭነት መኪና ተሳፍራችሁ መንገድ መሄዳችሁ አይቀርም። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ የማይሰማውን፣ ከኋላ ጭነቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊሰማው ይችላል።

ዳገት ስንል የግድ ትልቅ ተራራ ማለታችን አይደለም። እርግጥ ነው፣ ሎድዋር ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል፣ ኪታሌ ደግሞ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ከካኩማ ተነሥቶ በማሪችና በካፔንጉሪያ በኩል ኪታሌ የሚገባ መኪና ብዙ ይወጣል። አባቶቻችንም የዓባይን በረሃ፣ ጣርማ በርን፣ ሊማሊሞን በኤንትሬ ፊያት የወጡ ናቸው። ነገር ግን ከደረቅ ወንዝ አሸዋ ወደ ዳር የምታወጣ፣ ወይም ወደ ግቢ በር የምታስገባ አጭር አቀበትም ያው ዳገት ናት። እንዲያውም ቀጥ ያለች አጭር ዳገት ከቆመበት በሚነሣ መኪና ላይ የተደበቀ ጉድለት ቶሎ ታወጣለች።

ለምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ፣ 10 ቶን የሚመዝንን መኪና ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል የ1 ቶን ክብደት ያህል ነው። በ100 ሜትር 20 ሜትር ከፍ ካለ ደግሞ ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ይህን ሸክም ከሞተሩ ጀምሮ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ትራንስሚሽኑና ዲፈረንሻሉ እየተቀባበሉ ወደ ጎማ ያደርሱታል። ሞተሩ ራሱ በተቀመጠባቸው ጎሚኒዎች ላይ ይጋደላል። በሞተሩ ሆድ ያለው ዘይት ወደ ኋላ ይሸሻል። ጭነቱም ወደ ኋላ ጎማዎች ይከብዳል። በመሆኑም ሜዳ ላይ ዝም ብሎ የነበረ የላላ ወይም ያለቀ ዕቃ እዚህ ላይ ይናገራል።

ድምፅ ስትሰሙ መጀመሪያ የዕቃ ስም አትጥሩ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ ስትሰጡት ድምፁ አለ? ካለ ነገሩ ያለው ሞተሩ ወይም ከሞተሩ ጋር የሚዞር ዕቃ ዘንድ ነው። ከሌለ ወደ ኋላ፣ ወደ ካምቢዮውና ወደ ጎማዎቹ እንሄዳለን። ቀጥሎም በዚያው ፍጥነት እየሄዳችሁ ማርሽ ስትቀንሱ ድምፁ ቶሎ ቶሎ ይሆናል? ሞተሩ ፈጥኖ ስለሚዞር የሞተር ድምፅ ይፈጥናል፤ የጎማ ድምፅ ግን እንደነበረ ይቀራል። እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሡ ወዲያው ከጠፋ ደግሞ ድምፁ የሸክም ድምፅ ነው ማለት ነው። እነዚህን ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚያነሣ ሰው ደህናውን ዕቃ ይፈታል።

በቤንዚን መኪና ዳገት ላይ በብዛት የሚሰማው፣ ጥቂት ብሎኖች ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሮ እንደ መወዝወዝ ያለ ቀጭን የብረት ድምፅ ነው። ሾፌሩ በሦስተኛ ማርሽ ልውጣ ብሎ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲረግጠው ይመጣል። ቤንዚኑና አየሩ በሥርዓት መቃጠል ሲገባቸው፣ የተረፈው ክፍል ከሙቀቱና ከግፊቱ ብዛት በራሱ ጊዜ ስለሚፈነዳ ነው። ምክንያቱ ደካማ ቤንዚን፣ አስቀድሞ የሚሰጥ እሳት፣ ወይም የጋለ ሞተር ሊሆን ይችላል። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ይህን ያመጣል፤ ርካሽ ነው ተብሎ በጀሪካን የሚሸጠውን ለሚገዛ ሰው ይህ ይታወቅለት። መፍትሔው ማርሽ ቀንሶ እግርን ማላላት ነው። ካልጠፋና በዚያው ከተቀጠለ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። የናፍታ ሞተር ግን ተፈጥሮው መንኳኳት ስለሆነ በዚህ አትፍረዱበት።

ከዚህ የተለየ፣ ከሞተሩ ሆድ የሚመጣ ወፍራም «ዱቅ ዱቅ» አለ። እሱ ከሆነ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ይገባል፤ ፒስተኑን ከአልቤሮው ጋር የሚያያይዘው ክፍል ማለቁን ይነግራል። የዘይት መብራቱ ዳገት ላይ ብቻ ብልጭ ካለ ደግሞ ዘይቱ አንሶ፣ ፖምፓው አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። መጠኑን ስታዩ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ተዳፋት ላይ የወጣ መለኪያ ዘንግ ይዋሻል።

«ሲጥ» ብሎ የሚጮኽ ቀጭን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ቺንጋ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቺንጋው በብዙ መኪና የራዲያተሩን ማራገቢያና የውኃውን ፖምፓ የሚያዞረው ነውና ዳገት ላይ ከተንሸራተተ ሞተሩ ይፈላል። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋውን በአውራ ጣት መሐሉ ላይ ስትጫኑት አንድ ጣት ውፍረት ያህል ቢገባ ደህና ነው። የፈላ ራዲያተር ክዳን ግን እስኪቀዘቅዝ አይከፈትም፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ይልጣል።

ሞተሩ እያገሳ መኪናው ካልሄደ፣ የተቃጠለ ነገርም ከሸተተ፣ ፍሪሲዮኑ አልቆ ወይም ዘይት ነክቶት እየተንሸራተተ ነው። በቆርቆሮ እንደ መምታት ያለው «ታ ታ ታ» ደግሞ ሞተሩ ሲጋደል የጭስ ማውጫው ቱቦ ከመኪናው አካል ጋር እየተጋጨ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ የሚደነግጠው በዚህ ነው፤ ከሁሉ የማይጎዳውም እሱ ነው። ቱቦው ተቀድዶ «ፕፍ ፕፍ» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በሸራ ሥር የተቀመጡ ልጆች ራሳቸውን ካመማቸውና እንቅልፍ ከተጫጫናቸው የመንገድ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። መኪናው ቁሞ ሁሉም ወደ አየር ይውጣ።

በትናንሽ የፊት ጎማ ነጂ መኪናዎች መሪ አጥፎ ዳገት ሲወጣ «ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ ጎማውን የሚያዞረው መገጣጠሚያ ሽፋን ተቀድዶ አቧራ ገብቶበታል። በዲፈረንሻል ያለው ጥርስ ደግሞ ሲያልቅ ወይም ዘይት ሲያንሰው ያላዝናል፤ ሲሸከምና ሲለቅ ድምፁ ይለወጣል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ከቆመበት ሲነሣ፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ፣ ከመሐል ሆድ ሥር አንድ ጊዜ «ጓ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የክሮቼራ ነው። ክሮቼራ ማለት ትራንስሚሽኑን በሁለት ጫፉ የሚያያይዘው የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ሰው ለወራት ይሰማውና ይለምደዋል። የሚሰበረው ግን ሜዳ ላይ ሳይሆን ሸክሙ በሚበዛበት በዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ከጎማዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ መኪናውን ማርሽ አይዘውም። እንደ አሮጌ ላንድሮቨር ባሉት መኪናዎች ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ ነው። ክሮቼራው ከተሰበረ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ነገር የለም። የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን፣ ሞተሩ ከጠፋ፣ በብዙ መኪናዎች ከአንድ ሁለት ጊዜ መርገጥ በኋላ ፔዳሉ ይከብዳል።

ስለዚህ ረዳት ታኮ ይዞ የሚሄደው ለወግ አይደለም። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ከላይ ያሉት ሰዎች ወደ ጎን ይውረዱ፤ ወደ ኋላ ወርዶ ከመኪናው በታች መቆም ግን ሞትን መጥራት ነው። ታኮው ወይም ትልቅ ድንጋይ ከኋላ ጎማ ሥር የሚገባው ከጎን ተቁሞ ነው፤ ጣት ከጎማው በታች አይግባ። ልጆችን የያዙ እናቶች ከሁሉ አስቀድመው ይራቁ። ክሮቼራው የላላ መሆኑን ለማየትም ሞተሩ ይጥፋ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ይሁን፣ ጎማው በታኮ ይያዝ፤ ከዚያ ትራንስሚሽኑን በእጅ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ካያችሁ ጭነት አይጫንበት።

ድምፁ የሞተር ሲሆን ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ ጥሩ መሣሪያ ነው። የብረቱን ጫፍ ከቺንጋና ከማራገቢያ አርቃችሁ ሞተሩ ላይ ታሳርፋላችሁ፤ እጀታውን ጆሮ አጠገብ ታደርጋላችሁ። ነጠላም ሆነ የለበሳችሁት ልብስ ጫፍ አይንጠልጠል።

መካኒክ ዘንድ ስትሄዱ «መኪናው ይጮኻል» ብቻ አትበሉ። የሰማችሁትን በወረቀት ጻፉለት፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ «ናፍታ ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ ተጭኖ፣ ዳገት ላይ። ፍሪሲዮን ሲለቀቅ አንድ ጊዜ ጓ ይላል። ከሥር ከመሐል ይመጣል። ቁሞ ነዳጅ ሲሰጠው አይሰማም።» ይህን ያነበበ መካኒክ የሞተሩን ክዳን ሳይከፍት በቀጥታ መኪናው ሥር ይገባል።