ክብ ቤተ ክርስቲያን በጥቁርና ነጭ

ዲማ ጊዮርጊስን ረግጦ የማያውቅ ብዙ አንባቢ በዓይነ ሕሊናው ያውቀዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ደብሮች አንዱ ዲማ ነው፤ በ1958 ዓ.ም ለኅትመት የበቃው ልቦለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የፊታውራሪ መሸሻን ቤት እዚያው ዲማ ላይ ያቆመዋል። ገዳሙ የሚገኘው በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነማይ ወረዳ ነው። በትውፊት መሥራቹ አቡነ ተከስተ ብርሃን ናቸው። ስለ ሊቃውንቱና ስለ ትምህርቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማነሣው ስለ መልኩ ነው። ዲማንና የጎጃም ባልንጀሮቹን የመሰለ የቆየ ቤተ ክርስቲያን በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ እንዴት ይነሣል?

ስለ ሕንፃ ፎቶግራፍ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ማዕዘን ላለው ቤት የተዘጋጀ ነው። ከጥጉ ፊት ለፊት ቁም፣ ሁለቱ ግድግዳዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጠበቡ ይሂዱልህ፣ ጥልቀቱ በራሱ ይመጣል ይላል። የጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን ጥግ የለውም። ግድግዳው እየዞረ ይሸሻል እንጂ የሚታጠፍበት ቦታ አይገኝም። ከውስጥ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ከብቦ ይቆማል፤ ከላይ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ከጫፉ ላይ ጉልላት። ቀድሞ ሣር የነበረው ክዳን ዛሬ በአብዛኛው ቆርቆሮ ሆኗል። ይህን ቤት የሚያነሣ ሰው ጥልቀቱን የሚያሳይባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ቅስትና ጥላ።

አስቀድሞ ግን አንድ በብዙ ሰው ዘንድ ያለ እምነት መስተካከል አለበት። የነገሮችን ምጣኔ የሚለውጠው ሌንሱ ይመስለናል። የሚለውጠው የቆምንበት ቦታ ነው። ባሉበት ቆመው ዙም ቢያደርጉ የሥዕሉ ዳር ይቆረጣል እንጂ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለው ምጣኔ ንቅንቅ አይልም። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን ሁሉም ይለወጣል። ከደጃፉ ሥር ቀና ያለ ካሜራ የጣሪያውን ክፈፍ አግዝፎ ጉልላቱን ይሰውረዋል፤ ሾጣጣው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ አጥሮና ተኮማትሮ ይቀራል። ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ጣሪያው ቁመቱን መልሶ ያገኛል፣ ጉልላቱም በቦታው ይቆማል። ስለዚህ ለክብ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ሌንስ ይዞ ከመጠጋት ረዘም ያለ ሌንስ ይዞ መራቅ ይሻላል ባይ ነኝ። በስልክ ለሚያነሣም ያው ነው፤ 0.5 የሚለውን ትቶ 2 የሚለውን ይምረጥና ወደ ኋላ ይሂድ።

አሁን የጣሪያውን ክፈፍ ልብ ብለው ይዩ። ከዓይናችን በላይ ስለሆነ መሐሉ እንደ ቅንድብ ወደ ላይ ይጎብጣል። ከግድግዳው ሥር ያለው ክብ ደረጃ ደግሞ ከዓይናችን በታች ነውና መሐሉ ወደ ታች ይጎብጣል። በሁለቱ ቅስቶች መካከል ግድግዳው ደረቱን ገልብጦ ወደ ተመልካቹ ይመጣል። ሲጠጉ ቅስቶቹ ይበልጥ ይጎብጣሉ፣ ሲርቁ ቀጥ ወደ ማለት ይሄዳሉ፤ ከኮረብታ ላይ ቁልቁል ሲያዩ የክፈፉም ቅስት ተገልብጦ ወደ ታች ይዞራል። ካሜራው ከምን ያህል ከፍታ እንዳየ ፎቶው ራሱ ይናገራል። በክፈፉ ሥር ዙሪያውን የቆሙ ምሰሶዎች ካሉ መሐል ላይ ተራርቀው፣ ወደ ዳር ሲሄዱ እየተጠጋጉ እየተጠጋጉ ይጠፋሉ። ክብነቱን ለዓይን የሚነግረው ይህ መጠጋጋት ነው። ሁለቱንም ዳር ከቆረጡት ክቡ ቤት ቀጥ ያለ አጥር መስሎ ይቀራል፤ ቢያንስ አንደኛው ዳር ሙሉውን ይግባ።

ካሜራ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ግድግዳዎች ወደ ላይ እየተቀራረቡ ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል። የጥንቱ ባለ እጥፋት ትልቅ ካሜራ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ በማንሸራተት ይህን ያስቀር ነበር፤ ኒኮንም እ.ኤ.አ. በ1962 ለትንሹ ካሜራ ይህንኑ የሚሠራ ሌንስ አወጣ። እሱ የሌለው ካሜራውን ሳያንጋጥጥ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ከታች የሚተርፈውን ሣር በኋላ ይቁረጠው።

መራቅ ሁልጊዜ አይቻልም። የጎጃም ደብር በጽድና በወይራ የተከበበ ነው፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሲሉ ግንዱ ፊትዎ ላይ ይቆማል። ደኑ ከደብሩ የሚለይ አይደለምና ቢገባ አይከፋም። አንድ ጥቁር ግንድ በፍሬሙ ዳር ቢቆም ከኋላው ያለው ግድግዳ ይበልጥ ይበራል። ከደጀ ሰላሙ በር ውስጥ ሆኖ ማንሳትም እንዲሁ ነው፤ የበሩ ጨለማ ፍሬም ይሆናል።

ብርሃኑን በተመለከተ ዲማ የሚገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ የክፈፉ ጥላ ግድግዳውን ይውጠዋል፣ ቆርቆሮው ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ዘንበል ያለ ነው። መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከትና ዋናው መግቢያ በምዕራብ ስለሆነ፣ የምዕራቡን ደጃፍ የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላን ይጠብቅ። ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ካነሡ ክቡ ግድግዳ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጎን ስትመታው ግን በአንዱ ወገን ነጭ፣ መሐሉ ላይ ግራጫ፣ በሌላው ወገን ጥቁር እየሆነ በዝግታ ይዞራል። ክብ ቤት በጥቁርና ነጭ የሚያምረው በዚህ ቀስ ያለ መሸጋገር ነው።

ቀለም ባለበት ፎቶ ዓይን ቀድሞ የሚሮጠው በደጃፉ ወዳለው ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ወደተቀባው በር ነው። ቀለሙ ሲቀር የጭቃው ስንጥቅ፣ የበሩ እንጨት ጭረት፣ እጅ ያለሰለሰው የምሰሶ ገላ ይወጣል። በዲጂታል ካሜራ የሚሠራ በቀለም አንሥቶ በኋላ ወደ ጥቁርና ነጭ ቢለውጠው ይመረጣል፤ ያኔ እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ይድመቅ፣ ምን ያህል ይጥቆር የሚለውን ራሱ ይወስናል። በፊልም የሚሠራ ይህን የሚያደርገው በሌንሱ ላይ በሚገጠም ባለ ቀለም ፊልተር ነው። ቀይ ፊልተር ሰማዩን ያጠቁራል፣ ደመናውን ያነጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ግን ሰማዩ በራሱ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ ቀይ ሲጨመርበት ሰማዩና ጽዱ አንድ ጥቁር ሆነው የዛፉ ቅርጽ ይጠፋል። ለጎጃም ቢጫ ይበቃል። የዛገ ቆርቆሮ በቀይ ፊልተር ይነጣል፣ በሰማያዊ ይጠቁራል፤ ጣሪያው ጎልቶ እንዲታይ ወይም እንዲያርፍ የሚፈልግ ሰው ይህን ይወቅ። አዲስ ቆርቆሮ ካለ የብርሃኑን መጠን በእሱ ይለኩ፤ አንዴ የነጣ ጣሪያ በኋላ አይመለስም።

የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች በጥቁርና ነጭ ባይነሡ እመርጣለሁ። ቀዩና አረንጓዴው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፤ ሠዓሊው በቀለም የለየውን ካሜራው ያቀላቅለዋል። ሥዕሉን በቀለም ያንሡት፣ ያውም ያለ ፍላሽ። ለጥቁርና ነጭ የተገባው የውስጡ ጨለማና በበሩ ሾልኮ የሚገባው ብርሃን ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1903 በዌልስ ካቴድራል ያነሣው ዝነኛ ፎቶግራፍ ዘመን የበላቸውን የድንጋይ ደረጃዎችና የወደቀባቸውን ብርሃን ያሳያል እንጂ ታላቁን አዳራሽ አያሳይም። እኛም ዘንድ በብዙ ሰው እግር የለሰለሰ የምዕራብ በር መድረክ አለ።

ነጠላ የለበሰ ሰው በግድግዳው ሥር ሲቆም የቤቱ ግዝፈት ወዲያው ይታያል፤ የሰውዬውን ፈቃድ ግን ይጠይቁ። የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ገበዙን ሳያስፈቅዱ ካሜራ አያውጡ፣ በቅዳሴ ሰዓት አያንሡ፣ ወደ መቅደስ አይጠጉ።

ፎቶግራፍ መዝገብም ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የአርኪዮሎጂ ቡድን ቴዎዶር ፎን ሉፕከን የመሰለ አርክቴክትና ፎቶ አንሺ ይዞ ነበር። ቡድኑ ከመዘገባቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የአስመራው አሮጌ ማርያም ነበር፤ እሱ በኋላ ፈርሷል። ዛሬ ስለ መልኩ የምናውቀው በተለይ በዚያ መዝገብ ነው። በጎጃምም ሣሩ በቆርቆሮ፣ ጭቃው በሲሚንቶ እየተተካ ነው። ስለዚህ የሚያነሡ ሁሉ ጥቂቱን አሳትመው፣ በጀርባው ቀኑን፣ የደብሩን ስምና ከየትኛው አቅጣጫ እንደተነሣ ጽፈው፣ አንድ ቅጂ ለደብሩ ይስጡ።