የብድር ስማችሁን እንዴት ይዛችሁታል?

በየሰፈራችን እንዲህ ያሉ እናት አይጠፉም። ሠላሳ ዓመት እቁብ ሲጥሉ አንድም ሳምንት አላሳለፉም። የእድር ገንዘብ በእጃቸው ሲያልፍ ሳንቲም አልጎደለም። ባለሱቁም ዱቤ ሲሰጣቸው በደብተር መጻፉን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። እኒህ እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ በስልሳ ዓመታቸው፣ እንጀራ ጋግሮ ለመሸጥ አስበው ለኤሌክትሪክ ምጣድና ለጤፍ መግዣ የሚሆን ብድር ሊጠይቁ ቢሄዱ ግን የሚገጥማቸው ጥያቄ ሌላ ነው። «በስምዎ የቁጠባ ሂሳብ አለዎት? ከዚህ ቀደም ተበድረው የከፈሉበት ማስረጃስ?» ይባላሉ። መልሳቸው «የለኝም» ነው። ሂሳቡም፣ የቤቱ ካርታም፣ ቀድሞ የተወሰደው ብድርም በባላቸው ስም ነበርና። መንደሩ ሁሉ የሚመሰክርላቸው እናት በወረቀት ላይ ሲፈለጉ አይገኙም።

ስለዚህ በዚህ ዓምድ ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር ነው። መታመን ብቻውን አይበቃም፤ መታመናችሁ በራሳችሁ ስም ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ከተጻፈም በኋላ ሌላ ሰው እንዳያበላሸው ሊጠበቅ ይገባዋል። ለዚህም ሃምሳም ሆነ ስልሳ ዓመት የረፈደ ዕድሜ አይደለም።

ከትንሹ መጀመር

አበዳሪ የሚመለከተው ቀላል ነገር ነው። ገንዘብ የማስቀመጥ ልማድ አላት? የሚገባላት ገቢ በየጊዜው ይታያል? ቀድሞ የወሰደችውን በቀኑ መልሳለች? የሚሉትን ይጠይቃል። በአገራችን ባንኮች ከማበደራቸው በፊት የአመልካቹን የቀድሞ የብድር ታሪክ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ካለው የብድር መረጃ ማዕከል ይመለከታሉ። በአንዱ ባንክ የተበላሸ ብድር በሌላው ባንክ በር ላይ ቀድሞ ይጠብቃል ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ በራስ ስም የቁጠባ ሂሳብ መክፈት ነው። በመታወቂያችሁና በሂሳብ ደብተራችሁ ላይ ያለው ስም በፊደሉ ሳይቀር አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። የጡረታ አበል፣ የቤት ኪራይ፣ የጉልት ሽያጭ፣ የወጣላችሁ የእቁብ ዕጣም ቢሆን በዚያ ሂሳብ በኩል ይለፍ። እቁብ መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን የእቁቡ ጸሐፊ ደብተር ባንክ ድረስ ሄዶ አይመሰክርም።

ሁለተኛው እርምጃ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል መሆን፣ ወይም በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መንገድ ከከፈተላቸው አነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋማት በአንዱ ደንበኛ መሆን ነው። በማኅበሩ አስቀድሞ ይቆጠባል፤ ብድሩም በቁጠባው መጠን ይወሰናል። መጀመሪያ ትንሽ ብድር ወስዳችሁ ከቀኑ በፊት ጨርሱ፤ ከዚያ ከፍ ያለውን ጠይቁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የብድር ስምም የሚያድገው እንዲሁ ነው። የመክፈያውን ቀን አበል ወይም ኪራይ ከምትቀበሉበት ቀን ቀጥሎ እንዲሆን ጠይቁ። እስከ ስንት ዓመት ዕድሜ ድረስ እንደሚያበድሩም ሳትፈርሙ ተረዱ። ደረሰኝ አይጣል። ብድሩ ሲያልቅ ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበሉ፤ መያዣ የሰጣችሁት ካርታ ካለም እገዳው መነሣቱን አረጋግጡ።

ፊርማ ምስክርነት አይደለም

ለዓመታት የተገነባ ስም በአንድ ፊርማ ሊፈርስ ይችላል። የእህት ልጅ ይመጣና «አክስቴ፣ ብድሩ ተፈቅዶልኛል፤ የቀረኝ አንድ ዋስ ነው፤ ብቻ ይፈርሙልኝ» ይላል። እምቢ ማለት ይከብደናል። የምንፈርመውም ለልጁ መልካም ጠባይ የመሰከርን እየመሰለን ነው። ዋስ መሆን ግን «እሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዋስ አንዳንድ መከላከያ ሰጥቷል። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸም በአንቀጽ 1922 መሠረት አይጸናም። ነገር ግን ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበት አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች፣ የገንዘቡን ልክና ይህን ቃል፣ ሳታነቡ ወይም ሳታስነብቡ እጃችሁን አታንሡ። የከፈለ ዋስ ባለዕዳውን መልሶ የመጠየቅ መብት እንዳለው የታወቀ ነው፤ ይሁንና የገዛ እህቷን ልጅ ፍርድ ቤት የምታቆም እናት ስንት ናት?

ፊደል ያልቆጠረች ወይም ዓይኗ የማያይ እናት በጣት አሻራዋ ብትፈርም፣ አሻራው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድዳት አንቀጽ 1728 ይናገራል። ይህን የማታውቅ ጎረቤት ካለቻችሁ ንገሯት። በባዶ ወረቀት ላይ ግን ማንም ቢለምናችሁ አትፈርሙ።

በትዳር ውስጥ ያለ ዕዳ

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 ባልና ሚስት ሳይስማሙ አንዳቸው ብቻቸውን ሊያደርጓቸው የማይገቡ ተግባሮችን ዘርዝሯል። የጋራ የሆነን ቤት መሸጥና መያዣ ማድረግ፣ ከ500 ብር በላይ መበደር ወይም ማበደር፣ ለዚህን ያህል ዕዳም ዋስ መሆን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ያለ ስምምነቷ የተደረገ ግዴታ ያገኘች ሚስት ፍርድ ቤት እንዲሽርላት መጠየቅ ትችላለች፤ ነገር ግን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ግዴታው ከተገባ ሁለት ዓመት ሳይሞላ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በዚያ ያላችሁ በየአካባቢያችሁ ጠይቁ። ለቤተሰቡ ኑሮ ሲባል የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ዕዳ ነው። ስለዚህ «የባሌን ወረቀት ምን አገባኝ» የሚለው አነጋገር ሊቀር ይገባዋል። ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ያለውን ዕዳና ንብረት በአንድ ደብተር ላይ አስፍሩ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ አንዳቸው ቀድመው ቢያልፉ የቀረው በጨለማ እንዳይዳክር ነው።

በስልክ የሚመጣ ብድር

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር አማካይነት በስልክ ብድር መውሰድ ተችሏል። ለቸገረው ሰው ፈጥኖ ደራሽ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ ግን መዘዝ አለው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሚስጥር ቁጥራችሁን አውቆ የወሰደው ገንዘብ የሚመዘገበው በእናንተ ስም ነው። ስልክ ማዋስ ይቻላል፤ የሚስጥር ቁጥር ግን አይዋስም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ደውሎ ቁጥሩን ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው።

መክፈል ቢያቅትስ? ሕመም አለ፤ ሐዘን አለ፤ ገበያም ይቀዘቅዛል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ራሳችሁ ወደ አበዳሪው ሄዳችሁ ችግራችሁን አስረዱ፤ ጊዜ እንዲራዘምላችሁም በጽሑፍ ጠይቁ። ከሚደበቅ ባለዕዳ ይልቅ ቀድሞ የሚናገር ይታመናል። አንዱን ብድር ለመዝጋት ወደ አራጣ አበዳሪ መሄድ ግን ከእሳት ወደ ረመጥ ነው። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ አንቀጽ 2479 ወስኗል፤ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል።

ውድ እናቶች፣ ለማኅበሩም፣ ለእድሩም፣ ለጎረቤትም ስትታመኑ ኖራችኋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ የጎደለው ጽሑፍ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ጊዜ ሲኖራችሁ ሣጥኑን ከፍታችሁ ወረቀቶቹን አውጡ። የሂሳብ ደብተሩ፣ ካርታው፣ ደረሰኙ በማን ስም እንደሆነ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ስማችሁን ያላገኛችሁበትን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ።