ፈጣኑ ለምን ተሸነፈ? የተዋጊ አውሮፕላኖች የመዞር ብቃት ሲፈተሽ

የቬትናም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያበቃ፣ አሜሪካ ለደቡብ ቬትናም አየር ኃይል ሰጥታቸው የነበሩ በርካታ የጦር አውሮፕላኖች በድል አድራጊው በሰሜኑ ጦር እጅ ወደቁ። ከእነዚህ መካከል አንድ ኤፍ-5ኢ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስዶ በአኽቱቢንስክ የሙከራ ማዕከል ከሚግ-21ቢስ ጋር ያለ ጥይት የሚደረግ የአየር ፍልሚያ እንዲገጥም ተደረገ።

በወረቀት ላይ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ይመስል ነበር። ሚግ-21ቢስ ከድምፅ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ይበራል፤ ከክብደቱ አንጻርም የሞተሩ ኃይል የላቀ ነው። ኤፍ-5ኢ ግን የሚደርሰው ከድምፅ ፍጥነት 1.6 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከሙከራ አብራሪዎቹ አንዱ ቭላዲሚር ኮንዳውሮቭ በኋላ እንደመሰከሩት፣ በቅርብ ርቀት ፍልሚያ የበላይነቱን የያዘው ኤፍ-5ኢ ነበር።

ምስጢሩ ያለው በመዞሩ ላይ ነው። በቅርብ ፍልሚያ እያንዳንዱ አብራሪ የባላንጣውን ጅራት ለመያዝ አውሮፕላኑን ያዞራል። ጫናው እኩል ከሆነ፣ ፍጥነት ሲጨምር የዙሩ ስፋት ይበልጥ ያድጋል። በሰዓት 720 ኪሎ ሜትር እየበረረ የመሬት ስበትን አምስት እጥፍ ጫና ተሸክሞ አግድም የሚዞር አውሮፕላን፣ የዙሩ ራዲየስ 830 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ዙሩንም በ26 ሰከንድ ይጨርሳል። በዚያው ጫና በሰዓት 1080 ኪሎ ሜትር ቢበር ግን ራዲየሱ ወደ 1870 ሜትር፣ ጊዜውም ወደ 39 ሰከንድ ያድጋል። ፍጥነቱ ከልክ በላይ ሲቀንስ ደግሞ ክንፉ ጫናውን መሸከም ይሳነዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ከሁሉ ፈጥኖ የሚዞርበት የተወሰነ ፍጥነት አለው።

የሚግ-21 ባለሦስት ማዕዘን ክንፍ በጠባብ ዙር ውስጥ ከባድ የአየር ተቃውሞ ስለሚፈጥር ፍጥነቱን በቶሎ ያስጨርሰዋል። የኤፍ-5ኢ ክንፍ በአንጻሩ፣ በፊትና በኋላ ጠርዙ ላይ ባሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እየታገዘ በዝግተኛ ፍጥነትም ይታዘዛል። ከሙከራው የተወሰደው ምክርም ግልጽ ነበር፦ ወደ ዙሩ አትግባ፤ ፍጥነትህን ተጠቅመህ ምታና ራቅ። ረጅም ርቀት የሚመታ ሚሳኤል የታጠቀው ሚግ-23 እንኳ ብልጫ ያሳየው ከሩቅ ሲዋጋ እንጂ ሲቀርብ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1977 የእነዚሁ አውሮፕላኖች ቤተሰቦች በኦጋዴን ሰማይ ላይ በእውነተኛ ጦርነት ተገናኙ፤ የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢዎች የሶማሊያን ሚግ-21ዎች መትተው ጣሉ። ለዚህ ውጤት የክንፍ ቅርጽ ብቻውን አልበቃም፤ የአብራሪዎቹ ሥልጠናም ድርሻ ነበረው።

የማስመሰል ፍልሚያ ዋጋም እዚህ ላይ ይታያል። በልምምድ የተሸነፈ አብራሪ ወደ ምድር ወርዶ ከባላንጣው ጋር ተቀምጦ የተሸነፈበትን ቅጽበት ይመረምራል። በጦርነት የተሸነፈ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ዕድል አያገኝም።