ለክላሪኔትና ለሳክሶፎን ጀማሪዎች የሚያስፈልጉ የማውዝፒስ ተጓዳኝ ዕቃዎች

ክላሪኔት ወይም ሳክሶፎን የሚያስመጣ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ትልቁ ዕቃ ነው። መሣሪያው በሣጥኑ ሆኖ በሱቅ መስኮት ሲታይ ያማረ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ስለ ሆነ ትርፉ ሁሉ ከእርሱ ብቻ የሚገኝ ይመስላል። ይሁን እንጂ የደንበኛው እርካታና የባለሱቁ መልካም ስም የሚወሰነው በአብዛኛው በአንዲት ቀጭን የሸምበቆ ቁራጭና እርሷን በሚይዙና በሚጠብቁ ጥቂት ዕቃዎች ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንግለጸው። አንድ አባት ለልጁ አዲስ ክላሪኔት ገዛ እንበል። ልጁ ከቤቱ ወስዶ ቢነፋው ድምፅ አልወጣ አለው፤ በወጣም ጊዜ ጆሮ እስኪበሳ ድረስ ይጮኻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባትዮው «የተበላሸ ዕቃ ሸጣችሁልኛል» ብሎ ይመለሳል። ባለሱቁ መሣሪያውን ቢመረምር አንድም ጉድለት አያገኝበትም። ስሕተቱ ያለው ለጀማሪ የማይስማማ ጠንካራ ሪድ በመሸጡና አስተሳሰሩን ሳያሳይ በመስደዱ ነው።

ማውዝፒስ የሚባለው ነፊው ከአፉ የሚያገባው የመሣሪያው ጫፍ ነው። በአንድ በኩል ጠፍጣፋና ክፍት ሆኖ ይሠራል፤ በዚህም ክፍት ላይ ሪድ የሚባለው የሸምበቆ ምላስ ይታሰራል። ነፊው ሲነፋ ትንፋሹ በሪዱና በማውዝፒሱ ጫፍ መካከል ያልፋል፤ ሪዱም ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የሚገኘው ከዚህ ነው። ሳክሶፎን ገላው ናስ ሆኖ ሳለ ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር የሚመደበው ስለዚሁ ሪድ ነው። ኦቦና ፋጎት ግን ሁለት ሪድ በአንድነት የታሰረላቸው በመሆናቸው የእነርሱ ዕቃ ለእነዚህ አይሆንም፤ በማዘዣ ላይም መቀላቀል የለበትም።

ሪድ፤ ሪድ የሚሠራበት ሸምበቆ በተለይ በደቡብ ፈረንሳይ በቫር አውራጃ በሚበቅለው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በፓሪስ የተቋቋመው የቫንዶረን ድርጅት በዚህ ሥራ ስሙ የገነነ ነው። የሪድ ጥንካሬ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር በግማሽ እየጨመረ ይነገራል። ለጀማሪ የሚስማማው በተለምዶ 2 ወይም 2½ ነው፤ 4 ቁጥር ግን ከንፈሩና ትንፋሹ ላልጠነከረ ተማሪ ሸክም ነው። ሆኖም የአንዱ ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ጋር በትክክል ስለማይመሳሰል ደንበኛው የለመደውን ፋብሪካ ስም ጠይቆ መያዝ ይጠቅማል። የክላሪኔት፣ የአልቶ ሳክሶፎንና የቴኖር ሳክሶፎን ሪዶችም በስፋታቸው ስለሚለያዩ አንዱ በሌላው ፋንታ አይሸጥም።

ሪድ የሚያልቅ ዕቃ ነው። በየቀኑ የሚለማመድ ተማሪ አንዱን ሪድ ከጥቂት ሳምንታት በላይ እምብዛም አይገለገልበትም። መሣሪያውን አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ለሪድ ግን ደጋግሞ ስለሚመለስ፣ ሪድ ያላለቀበት ሱቅ ደንበኛ አያጣም። ከሰው ሠራሽ ማቴሪያል የተሠሩ ሪዶችም በገበያ ይገኛሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ ቢሆንም ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ድርቀትም አያጎብጣቸውም። የሸምበቆው ሪድ ግን አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ወራት ጫፉ ስለሚጨማደድ ከመነፋቱ በፊት ሊርስ፣ ከተነፋም በኋላ በጠፍጣፋ የሪድ ማኅደር ውስጥ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ማሰሪያ፤ ሊጋቸር የሚባለው ሪዱን ከማውዝፒሱ ጋር የሚያጣብቀው ቀለበት ነው። የተለመደው ዓይነት ከብረት ተሠርቶ ሁለት ብሎን አለው፤ የብሎኖቹም ራስ በነፊው ቀኝ በኩል ይሆናል። ብሎኑ ሪዱ እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ይጠብቃል፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅ የሪዱን እንቅስቃሴ ያግዳል። አስመጪው ሊያስተውለው የሚገባው ልኩን ነው። ከብረት የተሠራ የሳክሶፎን ማውዝፒስ ኤቦናይት ከሚባለው ጠንካራ ጎማ ከተሠራው ብዙውን ጊዜ ይቀጥናል፤ ስለዚህ የአንዱ ማሰሪያ ለሌላው ላይገጥም ይችላል። በማዘዣው ላይ የመሣሪያው ዓይነትና ማውዝፒሱ የተሠራበት ማቴሪያል ሁለቱም ይጻፉ።

ክዳን፤ የሪዱ ጫፍ ከወረቀት ብዙ የማይወፍር ስለ ሆነ የልብስ እጅጌ ቢነካው እንኳ ይሰበራል። ክዳን የሌለው ጀማሪ ሪድ ሲያባክን ይኖራል። ክዳኑም እንደ ማሰሪያው በልክ የሚገዛ ነው።

የጥርስ ልጣፍ፤ ይህ ከማውዝፒሱ የላይኛው ገጽ ላይ የሚለጠፍ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ለስላሳ ቁራጭ ነው። ማውዝፒሱ በጥርስ እንዳይፋቅ ይከላከላል፤ ንዝረቱም የጀማሪውን ጥርስ እንዳያስጨንቀው ያበርዳል።

የቡሽ ቅባትና መጥረጊያ፤ በክላሪኔት ማውዝፒስ ግርጌ፣ በሳክሶፎን ደግሞ በአንገቱ ጫፍ ላይ ቡሽ አለ። ደረቅ ቡሽ በኃይል ሲገፋ ይላጣል፤ ጥቂት ቅባት ግን ይህን ያድናል። ማውዝፒሱን ማጠብ የሚገባው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ነው፤ የፈላ ውሃ ኤቦናይትን ያጣምማል፤ ቀለሙንም ይለውጣል። ኤቦናይት በፀሐይም ስለሚደበዝዝ ባለሱቁ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ባያስቀምጠው ይመረጣል።

አስመጪዎች አንድ ነገር እንዲያስታውሱ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች አመዳደብ የትንፋሽ መሣሪያዎች በአንቀጽ 92.05፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች ክፍሎችና ተጓዳኝ ዕቃዎች ግን በአንቀጽ 92.09 ይመደባሉ። ስለዚህ በዋጋ መግለጫው ላይ ሁሉም በአንድ ስም ከመጠቅለል ይልቅ በየዓይነቱና በየብዛቱ ቢዘረዘር ክርክርን ያስቀራል።

ባለሱቆችም በበኩላቸው ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሪድ ከአፍ የሚገባ ዕቃ ስለ ሆነ አንዱ የሞከረው ለሌላው አይሸጥ፤ ለመሞከሪያም አንድ ሪድ ለብዙ ሰው አይሰጥ። ሁለተኛ፣ መሣሪያ የገዛውን ደንበኛ ሪድ እንዴት እንደሚታሰር ሳያሳዩ አይስደዱ። የሪዱ ጫፍ ከማውዝፒሱ ጫፍ ጋር እኩል፣ ወይም የፀጉር ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል መቀመጥ አለበት።

ከላይ በምሳሌ ወዳነሣነው አባት ስንመለስ፣ ባለሱቁ ከክላሪኔቱ ጋር ሦስት ወይም አራት ባለ 2 ቁጥር ሪድ፣ በልኩ የተመረጠ ማሰሪያና ክዳን፣ አንድ የቡሽ ቅባትና መጥረጊያ ጨርቅ በአንድ ጥቅል ቢያቀርብለት ኖሮ ወጪው ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በሆነ ነበር። አሠራሩንም ለማሳየት የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። እንዲህ ቢደረግ አባትዮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመለስም አመጣጡ ለክስ ሳይሆን ሌላ ሪድ ለመግዛት ይሆናል።