ከድድ በታች የተሰወረውን የሚያሳይ ራጅ

ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊቱ አይነጋለትም። ሲነጋም ሐኪሙን የሚለምነው «ንቀልልኝ!» እያለ ነው። ሐኪሙ ግን ከመንቀሉ በፊት ማየት አለበት፤ ዐይን የሚያየው ከድድ በላይ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው ከሥር ነውና።

ለዚህማ ራጅ አለ የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በ1895 መጨረሻ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ያገሩ ሰው ኦቶ ቫልክሆፍ የገዛ ጥርሱን ራጅ አነሣ፤ ለዚያች አንዲት ሥዕል 25 ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት።

ይሁን እንጂ ተራው ራጅ ጥላ ነው። ይህን ለመረዳት ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ያደገ ተማሪ ከደጁ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። ማለዳ ፀሐይ ከቡናው ዛፍ ጀርባ ስትወጣ በግድግዳው ላይ የሚወድቀውን ጥላ ይመልከት። ፊትና ኋላ ያሉት ቅርንጫፎች ግድግዳው ላይ አንድ ይሆናሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም ጥላው አይናገርም። ዛፉን ዞሮ የተመለከተ ግን ይለያቸዋል።

አዲሱ መሣሪያም የሚያደርገው ይህንኑ ዞሮ ማየት ነው። ጨረሩ እንደ ጎጆ ቤት ክዳን ጫፉ ጠብቦ ግርጌው ሰፍቶ ይወጣል፤ «ኮን ቢም» የተባለውም ከዚሁ ቅርጽ የተነሣ ነው። መሣሪያው በታማሚው ራስ ዙሪያ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይዞርና ከመቶ በላይ ሥዕሎች ያነሣል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ገጣጥሞ ቁመት፣ ስፋትና ውፍረት ያለው የመንጋጭላ ምስል ያበጃል፤ ሐኪሙም እንደ ዳቦ በፈለገው በኩል እየቆረሰ ያየዋል። ይህን ብልሃት በ1990ዎቹ መጨረሻ ለጥርስ ሕክምና ያበቁት በጣልያን አገር እነ ፒዬሮ ሞዞ፣ በጃፓን እነ ዮሺኖሪ አራይ ናቸው።

ጥቅሙ በምን ይታወቃል ቢሉ፣ የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ እንውሰድ። ሥሩ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ ጋር ይጎራበታል። በተራው ፊልም ሁለቱ ተደራርበው ሲታዩ፣ ነርቩ ሥሩን ይንካው ወይም ከጎኑ ይለፍ አይለይም። በግምት ቢነቀል ከንፈር ደንዝዞ ሊቀር ይችላል።

በአገራችን ደግሞ የባሰ አለ። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ፣ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ በስለት ከድዱ እንዲወጣ የሚደረግበት ቤት ዛሬም አልጠፋም። የቋሚው ጥርስ እንቡጥ እዚያው አጠገብ ነውና አብሮ ይጎዳል። ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ክራንቻው ሳይታይ ሲቀር፣ ጥርሱ ጭራሹን የለም? ወይስ ተጣሞ አጥንት ውስጥ ተኝቷል? የጎረቤቱን ሥር እየበላስ ይሆን? ወላጆች የረሱትን ምስሉ ያስታውሳል።

አጥንት ሳይሰበሩ ውስጡን ማየት ምን ያህል እንደሚያራምድ የአፋሯ «ሰላም» ምስክር ናት። በ2000 በዲኪካ የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ያገኛት ይህች የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን በሲቲ ስትመረመር፣ ያልበቀሉት ቋሚ ጥርሶቿ በመንጋጭላዋ ውስጥ ታዩ። መሣሪያው ሌላ ቢሆንም ዘመዱ ነው። በሕይወት ያለው የቴፒ ልጅም ድርሻው ቢደርሰው የሚመቀኝ ያለ አይመስለንም።

እንግዲህ በየከተማው ይተከል ልንል ነውን? አንልም። ጨረሩ ከሕክምናው ሲቲ ቢያንስም ከተራው የጥርስ ራጅ ይበልጣል፤ ሕፃናትን ደግሞ ጨረር አብልጦ ይጎዳል። በብረት የተሞላ ጥርስ ምስሉን ያበላሸዋል፤ ለስላሳውን ሥጋም አጥርቶ አያሳይም። ለተቦረቦረ ጥርስ ሁሉ ይህን ማዘዝ ዝንብን በጥይት እንደ ማባረር ነው። በጀት የሚያዘጋጁ ወጣት ባልደረቦቻችን አስቀድመው ትንሹ የጥርስ ራጅ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ አንሺ እንዳለው ቢመለከቱ እንመርጣለን። ምስሉን የሚያነብ ከሌለ ትልቁ መሣሪያ የአቧራ ማረፊያ ይሆናል።

እስከዚያው የሚረዳው የደህና ሐኪም ደብዳቤ ነው። ከሚዛን አዲስ አበባ በቦንጋና በጅማ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በለቀማ ወራት መንገድ የሚወጣ ቡና ለቃሚም የቀን ገቢው ይቀርበታል። ደብዳቤው «ራጅ ይነሣ» ብቻ ካለ ሰውየው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። «የታችኛው ቀኝ መጨረሻ መንጋጋ ሥር ነርቩን ይነካል ወይ?» ተብሎ ቢጻፍና ምስሉ ከነመልሱ ለላከው ሐኪም ቢመለስ ግን፣ ጥርሱ እዚያው ሚዛን ሊነቀል ይችል እንደ ሆነ፣ ወይም ለባለሙያ መተው ካለበት፣ ታማሚው ዳግመኛ አውቶቡስ ሳይሳፈር ይታወቃል።